የወንድምሽ ራስ፣ የአባትሽ ቀፎ፣ የወረዳው በቆሎ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ስምሽንና ቀበሌሽን ትቼ ጉዳይሽን በአጭሩ ላስቀምጥ። አምና በባዮሎጂ ተመርቀሻል። አሁን ሦስት ነገር ከፊትሽ ተደቅኗል። አንደኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርገው የሕክምና ትምህርት ነው። በዚያ በኩል ገብተሽ የአንጎል ቀዶ ሐኪም መሆን ትፈልጊያለሽ፤ ታናሽ ወንድምሽ ገና በጨቅላነቱ ጭንቅላቱ ውሃ ቋጥሮ ሻንት የሚባል፣ ፈሳሹን የሚያወጣ ትቦ ተገጥሞለታልና። ሁለተኛው በማይክሮባዮሎጂ ማስተርስ የመማር ዕድል ነው፤ መምህሩ ያቀረቡልሽ ርዕስ የንብ እጭ በሽታ ነው። ሦስተኛው በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ጥበቃ ባለሙያነት ነው፤ ፈተናውን አልፈሻል፤ ሥራው በዋናነት በቆሎን ከመጤው ተምች መከላከል ነው።

«ጋሼ፣ አንዱን ስይዝ ሁለቱን የከዳሁ ይመስለኛል» ብለሻል። አባትሽ ደግሞ «ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ንብ ልታባርሪ ነው?» ይሉሻል።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ሌላ ቦታ ነው። «ሻንቱ ሁለት ጊዜ ተዘጋ፤ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ሐኪሞቹ እግዜር ይስጣቸው፣ አዳኑት። ግን ይህ ውሃ መጀመሪያ ለምን ይቋጠራል ብዬ ስጠይቅ የመለሰልኝ የለም።» ይህን የጻፍሽው እንደ ዋዛ፣ በደብዳቤው መሐል ነው። እኔ ግን መልሴን የምጀምረው ከእሱ ነው። «እንዴት ይታከማል» ብለሽ አልጠየቅሽም፤ «ለምን ይመጣል» ነው ያልሽው። ሁለቱ ጥያቄዎች ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርሽ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በምሥራቅ ኡጋንዳ ምባሌ በምትባል ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል አለ። ቤንጃሚን ዋርፍ የሚባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከ2000 ጀምሮ ለዓመታት እዚያ ሠርተዋል። ያስቸገራቸው አንቺ በቤትሽ ያየሽው ነገር ነው፤ ሻንት ይዘጋል፣ ሲዘጋ ሕፃኑ በፍጥነት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፣ መንደሩ ግን ሩቅ ነው። ስለዚህ ትቦ ሳያስገቡ፣ በቀጭን ካሜራ ታግዘው ለፈሳሹ መውጫ መንገድ የሚከፍቱበትንና ፈሳሹን የሚያመነጨውን ሕብረ ሕዋስ የሚተኩሱበትን ዘዴ አዳብረው ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ይህ የቀዶ ሐኪም ሥራ ነው፤ ታላቅ ሥራ ነው።

ነገር ግን እዚያው ሳሉ ሌላ ነገር አስተዋሉ። ከሚመጡት ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጭንቅላታቸው ውሃ የቋጠረው ከኢንፌክሽን በኋላ ነበር። ጨቅላው በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ትኩሳት ይይዘዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ይድናል ሲባል ራሱ ማደግ ይጀምራል። ታዲያ ኢንፌክሽኑን ያመጣው ማን ነው? ፈሳሹ ይቀዳል፣ በላቦራቶሪ ይዘራል፣ የሚበቅል ነገር የለም። ስቲቨን ሺፍ የተባሉ ሌላ የሕፃናት የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከኡጋንዳ ባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ጥያቄ ለዓመታት ያዙት። በ2012 የሕመሙ ቁጥር ከዝናብ ወቅት ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳተሙ። በ2020 ደግሞ የ100 ሕፃናትን ፈሳሽ (64ቱ ከኢንፌክሽን በኋላ የታመሙ፣ 36ቱ በሌላ ምክንያት) ዘረመሉን አንብበው ውጤቱን አወጡ። ከኢንፌክሽን በኋላ በታመሙት ሕፃናት ዘንድ አንዲት ባክቴሪያ ጎልታ ታየች፤ ፔኒባሲለስ ቲያሚኖሊቲከስ ትባላለች። በኋላ ከሕፃን የተገኘውን ዝርያ ማብቀል ቻሉ፤ አይጥ ላይ ሲሞክሩትም ገዳይ ሆነ።

አሁን የማስተርስ ርዕስሽን መልሰሽ አንብቢው። የንብ እጭ በሽታ ሲባል በዓለም ላይ ንብ አናቢ የሚፈራው የመጀመሪያው ስም የአሜሪካ እጭ አበስባሽ የሚባለው ነው፤ አምጪው ፔኒባሲለስ ላርቬ ነው። አንድ ቤተሰብ ናቸው! ያቺ በኡጋንዳ ሕፃናት የተገኘችው ባክቴሪያም ቀደም ሲል ከንብ እጭ ተለይታ የምትታወቅ ናት። ሌላዋ እህታቸው ፔኒባሲለስ ፖፒሊዬ የጃፓን ጥንዚዛ የሚባለውን የሰብል ተባይ እጭ ትገድላለች፤ አሜሪካኖች ከ1940ዎቹ ጀምሮ አፈር ላይ እየበተኑ ተጠቅመውባታል። ፔኒባሲለስ ፖሊሚክሳ ደግሞ ሥር አጠገብ ሆና ተክልን ታግዛለች፤ ኮሊስቲን የሚባለው፣ ሌላው መድኃኒት ሁሉ እምቢ ሲል ሐኪሞች የሚያወጡት አንቲባዮቲክ የተገኘው ከእሷ ነው። በተምች ላይ የሚረጨው ባሲለስ ቱሪንጂንሲስ የተባለው ባክቴሪያም ከእነዚህ ብዙ አይርቅም፤ ፔኒባሲለሶች ራሳቸው እስከ 1993 ድረስ ባሲለስ ውስጥ ነበር የሚቆጠሩት።

ስለዚህ «አንዱን ስይዝ ሁለቱን ከዳሁ» ያልሽው፣ እህቴ፣ ልክ አይደለም። የወንድምሽ ራስ፣ የአባትሽ ቀፎና የወረዳው በቆሎ የሚገናኙበት ጠረጴዛ አለ። የማይክሮባዮሎጂ ጠረጴዛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ፤ ይህን የሚያነቡ እናቶችም አሉና። የኡጋንዳ ሕፃናት ከንብ ወይም ከማር ተያዙ ያለ ጥናት የለም፤ ባክቴሪያዋ ከየት ወደ ሕፃኑ እንደምትገባ ገና እየተጠና ያለ ጥያቄ ነው። ከዚያ ለብቻው ግን ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ማር አይቀምስም። በማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆየው ቅርጹ፣ ሊኖር ስለሚችል ነው፤ የጨቅላ አንጀት አይችለውም። አራስ ቤት ማር የሚያስልሱ ዘመዶች ካሉ በፍቅር ንገሯቸው። የወንድምሽም ሕመም ከምን እንደመጣ እኔ ልገምት አይገባኝም፤ ሁሉም ከኢንፌክሽን አይደለም። በአገራችን ብዙ ሕፃናት የጀርባ ነርቭ ዘንጋቸው ሳይዘጋ ይወለዳሉ፤ ውሃ መቋጠሩ አብሮ ይመጣል። ያ ዘንግ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። በ1991 የታተመ የብሪታኒያ ጥናት ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ቢላ ሳይነሣ የዳኑትን ሕፃናት ቁጥር አስቢው። ይህን ያደረጉት «ለምን» ብለው የጠየቁ ሰዎች ናቸው።

ወደ ምርጫሽ ልመለስ።

ሕክምናውን አልነቅፍም። ቢላውን ይዘሽ ከሕፃኑ ራስ አጠገብ መቆም ካልሆነ ልብሽ የማያርፍ ከሆነ ሂጂ፤ ግን ዓመቱን ቆጥረሽ ሂጂ። የሐኪምነቱ ትምህርት አለ፣ ከዚያ የአገልግሎት ጊዜ አለ፣ ከዚያ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን ብቻውን አምስት ዓመት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ይህን ሥልጠና አገር ውስጥ የጀመረው በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት ሰው ውጭ ካልሄደ አይሆንም ነበር። መንገዱ አለ ማለት ነው። ሁሉም ቢሳካ ግን ከዛሬ አሥር ዓመት በላይ ነው። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳየው ስለ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ስለ ሌሊት ተረኛነት፣ ስለ ሕመምተኛ ማዳመጥ አንድም መስመር የለም። ስለ «ለምን» ግን ገጽ ሙሉ ጽፈሻል። ስለዚህ የእኔ ምክር ማስተርሱን ያዢ ነው።

ይህን ስል ማስተርሱን ዓይንሽን ጨፍነሽ ያዢ ማለቴ አይደለም። ከዓመታት በፊት ሁለት ዕድል ይዞ የመጣ ልጅ ነበር። አንደኛው ስሙ የገነነ ተቋም፣ ሁለተኛው ስሙ የማይታወቅ። ስም ያለውን ምረጥ አልኩት። ሄደ፤ አማካሪው በዓመት ሁለት ጊዜ ያገኙታል፣ ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነው አውቶክሌቭ ተበላሽቶ ጥግ ቆሟል፣ ያዘዘው ኬሚካል ጉምሩክ ስምንት ወር ተቀመጠ፣ መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ ያከማቸው ናሙና በአንድ ሌሊት ቀለጠ። ሦስት ዓመት ፈጅቶ በመጠይቅ ጥናት ጨረሰ። ልጁ ተመራማሪ የሚሆን ልጅ ነበር፤ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነው። ያን ምክር የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ላቦራቶሪውን ሄዳችሁ በዓይናችሁ ሳታዩ አትፈርሙ እላለሁ።

አንቺም ሂጂ። መምህሩን በአክብሮት አስፈቅደሽ አንድ ቀን እዚያ ዋዪ። አውቶክሌቩ ይሠራል ወይ ብለሽ አትጠይቂ፤ ሲሠራ እዪው። ጥልቅ ማቀዝቀዣው በጄኔሬተር የተያዘ መሆኑን አረጋግጪ። ዘረመል የሚያባዛው ፒሲአር ማሽን ላይ አቧራ አለ ወይስ የዚህ ሳምንት መዝገብ? ኬሚካሉን የሚገዛው ማን ነው፣ ገንዘቡ እጅ ላይ ነው ወይስ ገና ይጠየቃል? ከሁሉ በላይ ቡና እየጠጣችሁ አሁን ያሉትን ተማሪዎች ጠይቂያቸው፤ ከእናንተ በፊት የነበሩት በስንት ዓመት ጨረሱ፣ ያሳተሙት ጽሑፍ ላይ ስማቸው የት ተቀመጠ? የመምህሩን ጠባይ ከመምህሩ አፍ አትሰሚውም። መልሱ ደስ የማይል ከሆነ ርዕሱን ሳትለቂ ቦታ ቀይሪ። ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ከአዲስ አበባ ብዙ የማይርቅ የአገሪቱ ዋናው የንብ ምርምር ቤት ነው፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ከዚያ ተመራማሪ ጋር በጣምራ እንዲመራ ይፈቅዳል፤ ጠይቂ። ለሰብል ተባይ አምቦ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በእጽዋት ጥበቃ የቆየ ነው።

እዚያ ሁለት ዓመት ስትቀመጪ ስለ ርዕሱ ስም ብዙ አትጨነቂ፤ እጅሽ ምን ተማረ የሚለውን ተከታተይ። ስፖር የሚሠራ ባክቴሪያን ከቆሸሸ ናሙና ለይቶ ማብቀል፣ ዲኤንኤ ማውጣት፣ ፒሲአር መሥራት፣ የተነበበውን ዘረመል በኮምፒውተር መተንተን። ይህ የመጨረሻው እንደ ጌጥ አይታይ። የኡጋንዳው ምስጢር የተፈታው ፈሳሽ ሲዘራ ሳይሆን ዘረመል ሲነበብ ነው። ዘረመል አንባቢ ፕሮግራሞቹ አብዛኞቹ በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ የሚጠይቁት ላፕቶፕና ትዕግሥት ነው። አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ ዛሬ ማታ ጀምሪ፣ መምህር አትጠብቂ። ይህን እጅ ይዘሽ ከንብ እጭ ወደ ጨቅላ ሕፃን ፈሳሽ ስትሻገሪ የሚቀየረው ናሙናውና የሥነ ምግባር ፈቃዱ ነው፤ ሥራው ያው ነው። አዲስ አበባ አለርት ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሰዎችም የሚፈልጉት ይህን እጅ ነው። ለሦስተኛ ዲግሪ ደግሞ ናይሮቢ ያለውን ኢሲፔን ከአሁኑ ስሙን ያዢው። ኬንያዊው ሳይንቲስት ቶማስ ኦዲያምቦ በ1970 የመሠረቱት የነፍሳት ምርምር ማዕከል ነው፤ ተምችንም የንብ ጤንነትንም በአንድ ግቢ ያጠናል፤ ለአፍሪካውያን የዶክትሬት ፕሮግራም አለው።

ሦስተኛውን በር፣ የወረዳውን ሥራ፣ ንቄው አይደለም ወደ ኋላ ያስቀመጥኩት። የማስተርሱ ትምህርት እስኪጀመር ወራት ካሉሽ፣ ወይም ላቦራቶሪው ካላማረሽ፣ ግቢበት። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ የሚያሳይሽ ነገር ግን ብዙ ነው። መጤው ተምች አፍሪካ ውስጥ በ2016 ታየ፤ በ2017 እኛ ዘንድ ገባ። የእሳት እራቱ በነፋስ ታግዞ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ይበራል። ጠዋት በቆሎ ውስጥ ገብተሽ እምብርቱን ገለጥ ስታደርጊ እንደ መጋዝ ብናኝ ያለ ኩስ ታያለሽ፤ ከሥሩ ትሉ አለ። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል፣ ከኋላው በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች። ይህን አንድ ጊዜ በእጅሽ ከያዝሽው ከሌላ ትል አትቀላቅይውም።

ከዚያ ገበሬው መርጫውን ተሸክሞ ይመጣል፤ ጓንት የለው፣ ጭንብል የለው። ማላታይዮን የሚባለው ፀረ ተባይ በትሉ ነርቭ ላይ የሚያግደው ኢንዛይም በንቧም በሰውየውም ነርቭ ላይ ያለው ያው ኢንዛይም ነው። ለዚህ ነው አባትሽ «ጎረቤት በረጨ ማግስት ቀፎው ደጃፍ ንቡ ረግፎ አደረ» ያሉሽ። ለዚህም ነው ያንኑ መድኃኒት የጠጣ ወይም በቆዳው የገባበት ሰው ሆስፒታል ሲደርስ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ የሚሰጠው። አንቺ እዚያ ወረዳ ብትቀመጪና በአበባ ጊዜ እንዳይረጭ፣ የግድ ከሆነም ንቡ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ ወደ ምሽት እንዲሆን፣ ለንብ አናቢው ቀድሞ እንዲነገር ብቻ ብታስደርጊ በአንድ ክረምት ውስጥ ስንት ቀፎ ይተርፋል!

አሁን ደግሞ ማንንም ሳትጠይቂ ነገ የምትጀምሪውን ልንገርሽ። አባትሽ አሥራ አንድ ባህላዊና ሁለት ዘመናዊ ቀፎ እንዳላቸው ጽፈሻል። ደብተር ግዢ። ለእያንዳንዱ ቀፎ አንድ ገጽ ስጪው፤ መንጋ የወጣበት ቀን፣ ንቡ የኮበለለበት፣ በዙሪያው ያበበው ምን እንደሆነ፣ ጎረቤት የረጨበት ቀንና የመድኃኒቱ ስም፣ የማር ቆረጣው ቀንና ኪሎው። ከዘመናዊዎቹ ቀፎዎች ደግሞ በጭስ አረጋግተሽ፣ ዓይነ ርግብ ለብሰሽ፣ አባትሽ አጠገብሽ ሆነው እጭ ያለበትን ፍሬም አውጪ። አውራዋ እዚያ አለመኖሯን ደጋግመሽ እዪ። ግማሽ የውሃ ብርጭቆ (120 ሚሊ ሊትር ገደማ) የሚሆን፣ ወደ 300 ንብ፣ ክዳኑ ወንፊት ወዳለው የመስታወት ዕቃ አራግፊ። ሁለት ማንኪያ የላመ ስኳር ጨምሪበት፣ አንድ ሁለት ደቂቃ አንከባልይው፣ ከዚያ ስኳሩን ብቻ ነጭ ሰሐን ላይ አራግፊው። ንቦቹ ነጫጭ ሆነው ወደ ቀፎአቸው ይመለሳሉ፤ አይሞቱም። ሰሐኑ ላይ ውሃ ጠብ ስታደርጊ ስኳሩ ሟሙቶ ቀይ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሰሊጥ ቅርፊት ያሉ ነገሮች ከቀሩ ቫሮዋ የሚባለው ጥገኛ ነው። ቁጥሩን ለሦስት ስታካፍዪው ከ100 ንብ ስንቱ ጋ እንዳለ ይነግርሻል። በየወሩ መዝግቢው።

ክዳኑ የሰመጠና የተበሳ የእጭ ጎጆ ካየሽ ደግሞ የክብሪት እንጨት አስገብተሽ ቀስ ብለሽ ጎትቺ። እንደ ሙጫ እየተሳበ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ከተከተለሽ ቀፎውን ዝጊ፣ እጅሽንና መሣሪያሽን አጽጂ፣ ከዚያ ቀፎ ምንም ወደ ሌላ አታዘዋውሪ፣ ባለሙያ ጥሪ። የፔኒባሲለስ ላርቬ ስፖር ከሠላሳ ዓመት በላይ ተኝቶ መነሣት ይችላል፤ በሌላው ዓለም ቀፎውን የሚያቃጥሉት ለዚህ ነው።

ይህን ደብተር ይዘሽ መምህሩ ቢሮ ስትገቢ ከሌላው አመልካች ትለያለሽ። ኢሜይል ስትልኪላቸውም ረጅም የሕይወት ታሪክ አትጻፊ። «ከአባቴ ሁለት ዘመናዊ ቀፎዎች የአራት ወር የቫሮዋ ቆጠራ አለኝ፤ በአንዱ ቀፎ የሞቱ እጮች አይቻለሁ፤ አምጪውን ለይቼ ማወቅ እፈልጋለሁ» የሚል ሦስት መስመርና የሠንጠረዡ ፎቶ ይበቃል።

የቀረው አባትሽ ናቸው። ስለ ማስተርስ፣ ስለ ማይክሮባዮሎጂ አትከራከሪያቸው፤ የቃሉ ርዝመት ራሱ ያርቃቸዋል። ልጃቸው ታሞባቸው ሆስፒታል ደጃፍ ያደሩ አባት ናቸው። «ሐኪም ሁኚ» ሲሉሽ ሌላ ቤት ያ ሌሊት እንዳይደገም ማለታቸው ይመስለኛል። አንድ ምሽት ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ተቀመጪና ስለ ምባሌ ሕፃናት ንገሪያቸው። የሕፃናቱን ራስ ያበላሸችው ባክቴሪያ ዘመዷ ቀፎ ውስጥ እንደምትኖር፣ አንቺ ልታጠኚ የምትሄጂው እሷን እንደሆነ ንገሪያቸው። ከዚያ ሰሐኑን አሳዪአቸው። አሥራ ሦስት ቀፎ በእጃቸው ያሳደጉ ሰው ናቸው፤ የሚጠይቁሽ ጥያቄ ከፈታኞችሽ ጥያቄ ሊከብድ ይችላል፤ መልሱን ካላወቅሽ ደብተሩ ላይ ጻፊው።

የመጀመሪያው የስኳር ቆጠራሽ ስንት እንደወጣ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ምን እንዳየሽም ጻፊልኝ። የወረዳውን ቅጥር እስከ መቼ ድረስ መልስ እንደሚጠብቁሽ አልነገርሽኝም፤ እሱን ነገ ጠዋት ጠይቂ። ለወንድምሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።